ከቀልቃላ ጀርባ

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የፊልሙ አልባሽ የተቆለፈውን ክፍል ከፍታ ገባች፤ ቀልቃላን ከወንበሩ ብድግ አደረገችው፤ ጮኸችና ወለሉ ላይ ጣለችው። ሆዱ ባዶ ነበር። ጀርባው ከአንገቱ እስከ ጭራው ተከፍቷል።

ኢንስፔክተሩ የፊልም ስቱዲዮው ሲደርስ ጩኸቱ በርዷል፤ ሹክሹክታው ግን ገና መሞቁ ነበር። ሠላሳ የሚሆን ሰው ኮሪደሩ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። አንዳንዱ ያለቅሳል።

«ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር» አለች ረዳቱ ሳጅን በጆሮው።

«አንቺ ያለ ቴሌቪዥን ነው ያደግሽው» አላት። «አታውቂውም።»

ቀልቃላ ከጨርቅና ከሱፍ የተሠራ ጦጣ ነው፤ እጅ ውስጡ ገብቶ የሚያጫውተው አሻንጉሊት። ለአሥራ ስምንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ብቅ እያለ ጎረቤቱን ሲያበሳጭ፣ ሲዋሽ፣ ሲጋለጥ፣ ይቅርታ ሲጠይቅ ኖሯል። ዛሬ ወደ አርባ ዓመት የተጠጋ ሰው ሁሉ አብሮት ነው ያደገው፤ ኢንስፔክተሩም ጭምር። ፕሮግራሙ ከቆመ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን አንድ ኩባንያ ታሪኩን ለቤተሰብ የሚሆን ፊልም ሊያደርገው ተነሥቷል፤ በእውነተኛ ተዋንያን፣ በእውነተኛ ቤት። ጦጣው ብቻ በአሮጌው ልክ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ድምፁም ከድሮ ቴፖች ተወስዶ ይገባለታል ተብሏል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ፍርግርግ ያለው መስኮት። ቀልቃላ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ ሦስት ባዶ የቴፕ ካርቶኖች ወድቀዋል።

«ቴፖቹስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«የሉም» አለች አልባሿ። «ከሆዱም የውስጥ ጓንቱ የለም። እጅ የሚገባበት ጓንት ነበረ፤ ዛሬ ከሰዓት ልኩን ልወስድ ነበር።»

«በመጨረሻ ደህና ሆኖ ያየሽው መቼ ነው?»

«ልክ ስድስት ሰዓት ላይ። ክፍሉን ስቆልፍ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቼ ምሳ ሄድኩ።»

ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ ስፌቱን አየ። በቢላ የተቀደደ አይደለም። አንድ በአንድ፣ ክር በክር፣ ጨርቁ ሳይጎዳ ተተርትሯል። ከካርቶኖቹም አንዱን አነሣ። ጎኑ ተጨምቆ ጎብጧል፤ ቡናማ የሱፍ ብናኝ ይዟል። በሩ ላይ ግን የተሰበረ ነገር የለም።

*

ዳይሬክተሩ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ነው። ሁለቱም ይጮኻሉ።

«ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ አገር አዳርሷል» አለው ኢንስፔክተሩ። «ለፊልም መቼም ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም።»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት ማለትህ ነው?» ዳይሬክተሩ ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው። «ያለ ቴፖቹ ድምፅ የለኝም። ድምፁ ከሌለ ቀልቃላ የለም። ከጣቢያው ምድር ቤት የተገኙት ባለፈው ሳምንት ነው፤ በደስታ ስናብድ ነበር። ደግሞስ ስድስት ሰዓት ላይ ከአርባ ሰው ጋር ምሳ እየበላሁ ነበር። አባባ ቀልቃላም ከጎኔ ነበሩ፤ ጠይቃቸው።»

«እሳቸውም እዚህ ነበሩ?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ፎቶ ልናነሣቸው ጋብዘናቸው፣ የድሮ ፎቶዎች በቦርሳ ይዘው መጡ። ከዚያ ‹ከልጄ ጋር ትንሽ ልሰናበት› አሉ። ግማሽ ሰዓት ለብቻቸው ተውናቸው። ዐይናቸው ቀልቶ ነው የወጡት። አንጀቴን ነው የበሉኝ።»

አባባ ቀልቃላ የሚባሉት ጦጣውን ለአሥራ ስምንት ዓመት ያጫወቱትና ድምፁ የሆኑት ሽማግሌ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ኢንስፔክተሩ ሲጨብጣቸው እጃቸው እጁን እስከ አንጓው ዋጠው። ድምፃቸው እንደ ከበሮ ወፍራም ነው።

«የሰፋችው እህቴ ናት» አሉት። «ልብስ ሰፊ ናት። እባካችሁ በቀስታ ንገሯት።»

ጥያቄውን ሲጨርስ ኢንስፔክተሩ አልሄደም፤ ቆቡን በእጁ ውስጥ አሽከረከረ።

«ይቅርታ አባባ፤ ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ከአልጋ የምነሣው ለእሱ ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ በድምፁ…»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። «ድምፄ አርጅቷል ልጄ። ዛሬ ደግሞ ቀኑ አይደለም።»

ኢንስፔክተሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሳጅኗ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ዋጠች።

*

ቁልፉ የነበረው ዘበኛው ጋ ነው። ዘበኛው በዕድሜ ኢንስፔክተሩን በአሥር ዓመት የሚበልጥ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር።

«በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«የግቢው በር ላይ።»

«ንቅንቅ ሳትል?»

«ንቅንቅ ሳልል።»

ሳጅኗ ግን ማታ ከመግባቷ በፊት አንድ ሾፌር አገኘች። አትክልት ጭኖ መጥቶ በምሳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሙሉ በሩን ሲደበድብ የከፈተለት አልነበረም።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ኢንስፔክተሩ በቀጥታ ወደ ሠራተኞቹ መመገቢያ አዳራሽ ገባ። ዘበኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ሚስቱ የአዳራሹ ወጥ ቤት ናት፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ሾርባ ትቀዳለች።

«ተነሥ» አለው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ዋሸኸኝ። በሩ ላይ አልነበርክም። ቁልፉ አንተ ጋ ነበር። እጅህን ስጠኝ።»

ዘበኛው ዙሪያውን አየ። «እዚህ? ይሄ ሁሉ ሰው እያየ?»

ኢንስፔክተሩ ቆይቶ ደጋግሞ ያስታወሰው የገዛ መልሱን ነው። «ሌባ ሰው ይፈራል እንዴ?» አለው፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም። ካቴናው ጠቅ ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ሚስትየው የምትቀዳው ሾርባ ከሳህኑ አልፎ ባንኮኒው ላይ ሲፈስ አላየችውም። ለፎቶው ቀጠሮ ተመልሰው የመጡት አባባ ቀልቃላ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ዐይናቸውን ከሳህናቸው አላነሡም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጅኗ ስልኳን ይዛ ቢሮው ገባች። «ይህን እይልኝ። ካሜራ ሠራተኛው ሐሙስ መብራት ሲሞክር ካሜራውን ሳያጠፋ ነው ምሳ የሄደው።»

ምስሉ ላይ ለፊልሙ የተሠራው የቀልቃላ መኝታ ቤት ይታያል። አልጋው ለሕፃን የሚሆን ነው። ዘበኛው ጫማውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ፣ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ተንጠልጥሎ ያንኮራፋል። ከስድስት ሰዓት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ከሩብ።

ሳጅኗ ሳቀች። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ሰውዬውን ከእስር ክፍሉ አስመጣው።

«ለምን እውነቱን አልነገርከኝም?»

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሬ ዳቦ ቤት ዱቄት አራግፋለሁ። ቀን ዘብ እቆማለሁ። ሐሙስ ዐይኔ እምቢ አለኝ፤ ቁልፉን በሩ ላይ ሰቅዬ ጋደም አልኩ።» ዘበኛው አንጓውን አሸ። «ሌባ ብትሉኝ እውነቱ አንድ ቀን ነፃ ያወጣኛል። እንቅልፋም ብትሉኝ ግን እውነቱ ራሱ ነው የሚያባርረኝ።»

ኢንስፔክተሩ የመፍቻ ወረቀቱን ሳበ። ወረቀቱን ፈርሞ «ይቅርታ፤ ሂድ» አለው፤ ከአፉ የወጣው ለሁለቱም በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ ነው። ዘበኛው በጓሮ በር ወጣ። ኢንስፔክተሩ ማንም ባለማየቱ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቱ አፈረ።

*

የልብስ ሰፊዋ ቤት አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ሴትዮዋ ስልሳ አልፏታል፤ ትንሽ ናት፤ ስትናገር ከሹክሹክታ የማይበልጥ የተሰነጠቀ አየር ነው የሚወጣት።

«ጉሮሮዬ ነው» አለችው። «ሐሙስ ሙሉ ቀን ሐኪም ቤት ነበርኩ። ተጠርጥሬ ከሆነ ካርዱ አለ።»

«እትዬ፣ ስፌቱን የተረተረው ሰው መስፋት የሚያውቅ ነው።»

«ወይ ሲሰፋ ያየ» አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

አንዲት ጎረቤት አንገቷን አስገብታ ስለ ልጇ ዩኒፎርም ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል የልጁን ወገብ፣ ትከሻና የእጅጌ ልክ በቃሏ ጠራችላት፤ የዛሬ ሦስት ዓመቱንም ጨምራ። ጎረቤቷ እየሳቀች ሄደች።

«ጓንቱንም ወስዶታል?» አለች ልብስ ሰፊዋ በድንገት።

«ወስዶታል። ልኩ ምን ያህል ነበር?»

መኪናው ቆመ። «ረሳሁት።»

«የሰው ልጅ ሁሉ ልክ በቃልዎ አለ፤ የእሱን ብቻ ረሱት?»

እጆቿን የምትሰፋው ጨርቅ ውስጥ ከተተቻቸው። ካርዱን ልታሳየው ስትል ግን ማውጣት ነበረባት። የአሥር ዓመት ልጅ እጅ ነው የሚመስለው።

ከሳጅኗ ጋር ከቤት ወጥተው መኪና ውስጥ ሲገቡ ኢንስፔክተሩ ሞተሩን አላስነሣም። «ሌባ ገንዘብ የሚያወጣውን ይወስዳል» አለ። «ጦጣውን ትቶ ሆዱ ውስጥ ያለ አሮጌ ጓንት ምን ያደርግለታል?»

«ማስታወሻ?» አለች ሳጅኗ።

«ወይ ልኩን የሚፈራ ሰው ነው። የአባባን እጅ አይተሻል?»

ሳጅኗ የራሷን እጅ ዘርግታ አየችው።

ስቱዲዮው ገብተው የታሸገውን ክፍል ከፈቱ። ኢንስፔክተሩ ሦስቱን የጎበጡ ካርቶኖች አንድ በአንድ በቀልቃላ ጀርባ አስገባቸው። ሆዱ ሞላ። ወንበሩ ላይ ሲያስደግፈው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ደህና ጦጣ። አልባሿን ጠራት።

«ሐሙስ ስትቆልፊ ያየሽው እንዲህ ነው?»

«ልክ እንዲህ።»

«ጀርባውን አይተሻል?»

አልባሿ ፈዛ ቆመች። «ጀርባውን… ማን ያያል?»

«እንግዲህ ስርቆቱ በምሳ ሰዓት አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስትቆልፊበት አልቆ ነበር። ጠዋት ነው።»

የቀረው የድምፅ ሠራተኛው ነው። ቴፖቹ ሲጠፉ ሥራዬ ቀረ ብሎ ቤቱ ገብቶ ነበር። በስልክ ጠርተው ሲጠይቁት ራሱን አከከ። «አንዱን ማክሰኞ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀምሬ ነበር። መብራት ጠፋና አቋረጥኩ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔም አልሰማሁትም።»

አራቱም ማዳመጫ ክፍሉ ውስጥ ተጨናንቀው ቆሙ። ቀልቃላ ተናገረ፤ ያ ቀጭን፣ የሚንጫጫ፣ ሊስቅ የሚቃጣው ድምፅ። ጦጣው ጎረቤቱን እየወተወተ ሳለ ሳል አቋረጠው። ሳሉ የሴት ነበር። ያው ድምፅ ነው፤ ከቀልቃላነቱ ወጥቶ የወጣት ሴት ሆነ፦

«ጋሼ፣ እግሩን ቀስ አድርገህ አንቀሳቅሰው እንጂ! ጣልከኝ እኮ!»

ከሩቅ አንድ ወፍራም የወንድ ሳቅ መለሰላት። «እሺ እታለም፤ ድገሚው።»

አልባሿ አፏን በእጇ ያዘች። የድምፅ ሠራተኛው ሳይነግሩት አጠፋው።

*

አባባ ቀልቃላ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ኢንስፔክተሩንና ሳጅኗን ወደ መኝታ ቤታቸው መሯቸው። ሦስቱ ቴፖች አልጋው ላይ ተደርድረዋል። ጓንቱ ትራሱ ላይ ነው።

«ላቃጥላቸው ነበር ያመጣኋቸው» አሉ። «ክብሪት ሁለት ጊዜ ጫርኩ። የእህቴ ድምፅ ነው፤ ከእሷ የተረፈው ይሄው ነው። አልቻልኩም።»

«ይቀመጡ አባባ።»

አልተቀመጡም። «ሁለታችን ነበርን ከመጋረጃው ጀርባ። እሷ እጁም ድምፁም ነበረች። እኔ እግሩን በዘንግ አንቀሳቅሳለሁ። ጣቢያው የምንቀጥረው አንድ ሰው ነው አለ። ‹ማነው የሚያጫውተው?› ሲሉ እኔ አልኩ። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው።»

«እሳቸውስ?»

«‹ጋሼ አንተ ሂድ፤ እኔ ሰው ፊት አፍራለሁ› አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዓይነ አፋር ነበረች። እኔም ዓይነ አፋርነቷን በላሁት።» ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሽልማቶች አዩና ጀርባቸውን ሰጧቸው። «ይሄንን ሲሰጡኝ ከኋላ ወንበር ሆና ታጨበጭብ ነበር። ጉሮሮዋ ተበላሽቶ ፕሮግራሙ ሲቆም ጋዜጣው ‹አባባ ቀልቃላ ደከሙ› ብሎ ጻፈ። እሷ ናት ቆርጣ ያስቀመጠችልኝ። በሚቀጥለው ዓመት እናገራለሁ፣ ከዚያ በሚቀጥለው እያልኩ ሠላሳ ዓመት ሞላ። ቴፖቹ ተገኙ ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። አሻንጉሊቱን ደግሞ ሊለኩት ነው። ልጅ እንኳ ቢያየው ያቺ ጓንት የእኔ አለመሆኗን ያውቃል።»

ሳጅኗ መጻፍ አቁማ ነበር። «ዘበኛው ሲታሰር እዚያው ነበሩ» አለች በቁጣ።

«ነበርኩ።» ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አንድ ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው። አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። ዳቦውን ስውጥ አብሬ ዋጥኳት።»

ኢንስፔክተሩ ቴፖቹን በቦርሳ ከተተ። ሽማግሌውን ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ያን ቀን በዚያ አዳራሽ ካቴና ይዞ የቆመው እሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወንድምና እህት ፖሊስ ጣቢያ ተገናኙ። ኩባንያው ክስ መመሥረት አልፈለገም፤ ዳይሬክተሩ ይልቅ ነገሩ እንዲዳፈን ነበር የሚለምነው። «ሕዝብ አባባን ነው የሚወደው። ፊልሙ ይበላሽብናል። ለእትዬ የምስጋና ጽሑፍ እናወጣለን።»

ልብስ ሰፊዋ ጓንቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እጇ ላይ አጠለቀችው። እንደ ቆዳዋ ሆነ።

«ምስጋና አልፈልግም» አለች፤ ሁሉም ለመስማት ጎንበስ አሉ። «ስሜ በእሱ ስም ቦታ ይጻፍ። የእሱም ስም ለጦጣው እግር ይጻፍ፤ እግሩን ደህና አድርጎ ያንቀሳቅስ ነበር።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «እኔም አፍሬያለሁ ጋሼ። በየጊዜው ‹ተወው› ያልኩህ እኔ ነኝ። አሁን ግን አንተ ትናገራለህ። እኔ ድምፅ የለኝም።»

ሽማግሌው የዚያኑ ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም በተሰበሰበበት እውነቱን ተናገሩ። የጨበጨበ አልነበረም፤ የሰደበም አልነበረም። ሲጨርሱ ሰው ሁሉ የሚያይበት ቦታ ጠፍቶት ነበር። አልባሿ ብቻ ተነሥታ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

*

ዘበኛው ሥራው ላይ አልተመለሰም። ኢንስፔክተሩ ማክሰኞ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄደ። ሰውዬው ዱቄት ተሸክሞ ሲወጣ አገኘው።

«ዳይሬክተሩን አነጋግሬዋለሁ፤ ሥራዎ አለ» አለው። አንቱ ሲለው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱም አስተውለውታል።

«ሰዎቹስ?» አለ ዘበኛው።

«የትኞቹ?»

«ስታሰር ያዩት። የአባባን ነገር ሰምተዋል። የእኔን ማን ነገራቸው? ዛሬም ሚስቴ ሾርባ ስትቀዳላቸው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።» ጆንያውን ጋሪው ላይ አወረደ። «እርስዎ በጆሮዬ ይቅርታ ብለውኛል። በጆሮዬ አልነበረም ሌባ ያሉኝ።»

በምሳ ሰዓት አብረው ገቡ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ኢንስፔክተሩ መሀል ላይ ቆመ። የማንኪያው ድምፅ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየተላለፈ ጸጥ አለ። የሚለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቶት ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ስልሳ ጥንድ ዐይን ያየዋል። ነገ ብመጣስ አለ በሆዱ። በደብዳቤ ባደርገውስ። ሠላሳ ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ ያን ጊዜ ገባው፤ እንዲህ ነው የሚያልፈው፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ፊት ቆሞ።

«እኚህ ሰው ምንም አልሰረቁም» አለ። «እኔ ሳላጣራ፣ እናንተ ፊት አዋረድኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከባንኮኒው ጀርባ ሚስትየው እጇን በሽርጧ ጠረገች። ፊቷ ላይ ቁጣም ምሕረትም አይነበብም።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙህም» አለችው። «ድገመው።»

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አወለቀ፤ ወደ ኋላ ጠረጴዛዎች ዞረ፤ ደገመው።